ከመጋረጃው ጀርባ የቀረው ሳህን

[ምግብ ብቻ የሚነሳበት ፎቶ ቤት ነው። ሰው እዚህ አይነሳም። ሰው ያስቸግራል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ወፈርኩ እንዴ?» ይላል፣ «ደግመህ አንሳኝ» ይላል። የተጠበሰ ዶሮ ግን እንዳስቀመጡት ነው። አንድ ትልቅ መብራት አለ፣ ከመብራቱ ስር አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ አንድ ጥቁር መጋረጃ፤ ጥግ ላይ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር የሚያቃስት ፍሪጅ ቆሟል። የቤቱ ጌታ ፎቶ አንሺው ነው። የሚያውቁት ሁሉ «ሊቁ» ይሉታል፤ እሱም ሙገሳ ስለሚመስለው ደስ ይለዋል። ረዳቱ የታናሽ እህቱ ባል ነው። «ገራገሩ» ይሉታል፤ እሱም ደስ ይለዋል፤ እሱን ደስ የማይለው ነገር የለም። ስንደርስባቸው ክርክሩ ጦፏል።]

ሊቁ፡ ድገመው! እስቲ አሁን ያልከውን አንድ ጊዜ ድገመው!

ገራገሩ፡ ኬኩ ነው አልኩ እንጂ ምን አልኩ! ዓመቱን ሙሉ ከበላሁት ከጠጣሁት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ሊቁ፡ የቱ ኬክ?

ገራገሩ፡ ያ ነጭ ክሬም የተከመረበት፣ አናቱ ላይ እንጆሪ ጉብ ያለበት። ረሳኸው እንዴ? አንተ እኮ ነህ ያነሳኸው።

ሊቁ፡ ማንሳቱንማ አነሳሁት። አንተ የት አግኝተህ በላኸው?

ገራገሩ፡ ከመብራቱ ስር።

ሊቁ፡ [ካሜራውን እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ አስቀመጠ] ከመብራቱ ስር የወጣውን ምን አድርገው ነው የምልህ ሁልጊዜ?

ገራገሩ፡ «ጣለው» ነዋ።

ሊቁ፡ ታዲያስ?

ገራገሩ፡ ጣልኩታ!

ሊቁ፡ የት?

ገራገሩ፡ [ሆዱን መታ መታ አደረገ] ጋሼ፣ ምግብ ቆሻሻ ውስጥ ልከት ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ፣ አንጀቴ አይችልም።

ሊቁ፡ ያንን በልቶ ከቻለ ነው እንጂ ጉዱ! አንተ ሰው፣ ያ ክሬም እኮ ክሬም አይደለም፤ የጺም መላጫ አረፋ ነው! በእነዚህ እጆቼ ከጣሳው ነፍቼ የከመርኩት! ኬኩም ኬክ አይደለም፤ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው፣ በመቀስ የከረከምኩት!

ገራገሩ፡ [ትንሽ አሰበ] እንጆሪውስ?

ሊቁ፡ እንጆሪው እውነት ነው። የከንፈር ቀለም ቀባሁት እንጂ እውነት ነው።

ገራገሩ፡ የማንን የከንፈር ቀለም?

ሊቁ፡ የሚስቴን! አሁን የሚጠየቀው እሱ ነው?

ገራገሩ፡ አይ፣ እሷ እንዳትሰማ ብዬ ነው። ደግ አይደለም።

[ሊቁ ራሱን ይዞ መዞር ጀመረ። ከክፍሉ ጥበት የተነሳ ሁለት ጊዜ መብራቱን፣ አንድ ጊዜ አማቹን ገጨ። የሚታየው የእህቱ ፊት ነው፤ «ባሌን ሥራ አስተምርልኝ ብዬ ብሰጥህ ስፖንጅ አበላኸው?» ስትለው።]

ሊቁ፡ ስንት ጊዜ ነው የማስተምርህ? እውነተኛ ክሬም መብራት ሲያይ ይቀልጣል። እውነተኛ ወተት ፎቶ ላይ ውሃ ይመስላል። እውነተኛ ዶሮ ገና ሦስቴ ሳላነሳት ትኮማተራለች። ስለዚህ ምን አደርጋለሁ? ከሆቴሉ የመጣውን አይቼ የውሸት መንታ እሠራለታለሁ። ሁለቱም ሳህን መጋረጃ ጀርባ ጎን ለጎን ይቀመጣል። መብራቱን ሳስተካክል «አምጣ!» እልሃለሁ፤ የውሸቱ ይመጣል፤ ይነሳል፤ ይጣላል። እውነቱ መጋረጃው ጀርባ ይቀራል፤ አንተ ፍሪጁ ውስጥ የላይኛው መደብ ላይ ታስቀምጥልኛለህ፤ እኔ በምሳ ሰዓት እበላዋለሁ። ይሄ ምኑ ይከብዳል?

ገራገሩ፡ የውሸቱ ነው እንዴ የሚመጣው?

ሊቁ፡ አታቋርጠኝ! ምኑ ይከብዳል?

ገራገሩ፡ አይከብድም።

ሊቁ፡ ታዲያ የውሸቱን ለምን በላህ?

ገራገሩ፡ ጣፍጦኝ።

ሊቁ፡ የጺም አረፋ ጣፍጦህ?

ገራገሩ፡ አሁን ስትነግረኝ እኮ ነው አረፋ የሆነው። ያኔ ክሬም ነበር።

[ገራገሩ እንዲህ ነው፤ ከገዛ ምላሱ ይልቅ የሚስቱን ወንድም ያምናል። ሊቁ «ቀኑ ጨልሟል» ካለው በጠራራ ፀሐይ ሻማ ፍለጋ ይሄዳል። አሁንም ቀስ በቀስ ፊቱ ገረጣ፤ በላሁት ያለውን ሁሉ እያስታወሰ ነው።]

ሊቁ፡ ና ቁጭ በል። በእውነት መልስልኝ፤ የምትደብቀኝ ነገር እንዳይኖር። ሆድህን አሞህ ያውቃል?

ገራገሩ፡ ያውቃል።

ሊቁ፡ ወይኔ! መቼ መቼ?

ገራገሩ፡ ሲርበኝ።

ሊቁ፡ ስታስነጥስስ? የቢራው አረፋ የሳሙና ነው፤ ስታስነጥስ የተለየ ነገር አለ?

ገራገሩ፡ አለ። ሰው ሁሉ «ይማርህ» ይለኛል።

ሊቁ፡ ሌላ ምን በላህ? ዘርዝር!

ገራገሩ፡ ዶሮዋን።

ሊቁ፡ የትኛዋን?

ገራገሩ፡ ያቺን ቡናማ የሆነችውን፣ ቆዳዋ የሚያብለጨልጨውን። ምን ልበልህ ጋሼ፣ እጅ ታስቆረጥማለች። አጥንቷን እንኳ አልማርኳትም።

ሊቁ፡ ጥሬ ነች!

ገራገሩ፡ እንዴት ጥሬ ትሆናለች?

ሊቁ፡ እኔ አይደለሁ የሠራኋት? ላይዋን በእሳት ለብለብ አድርጌ የጫማ ቀለም ነው የቀባኋት! በብሩሽ ወልውዬ፣ በጨርቅ አብስዬ!

ገራገሩ፡ [እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ] ለካስ! ሚስቴ «ሰሞኑን ፊትህ ምን ተቀባ፣ ወዙ በዛ» ስትለኝ የከረመችው…

ሊቁ፡ ወዝ አይደለም፣ ቀለም ነው! ሌላስ? ወተቱን እንዳልጠጣኸው ብቻ ንገረኝ።

ገራገሩ፡ ከነብርጭቆው ልውጠው ነበር።

ሊቁ፡ የአናጢ ሙጫ ነው!

ገራገሩ፡ ሙጫ? [ብድግ ብሎ ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ] ለዚህ ነዋ ምሳ ከበላሁ በኋላ ከወንበር መነሳት የሚያቅተኝ!

ሊቁ፡ እሱ ስንፍና ነው።

ገራገሩ፡ እሱም ቢሆን ከሙጫው በፊት እንዲህ አልነበረም።

ሊቁ፡ ዓሣውስ? አደራህን፣ ዓሣውን በላሁ እንዳትለኝ፤ ከፕላስቲክ ነው የሠራሁት።

ገራገሩ፡ ዓሣውን አልደረስኩበትም፤ ድመቷ ቀደመችኝ። አጥንቱን ብቻ አጥሩ ስር ትታልኝ ሄደች።

ሊቁ፡ [በድንጋጤው መሃል ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ] አየህ? አየህ ጥበብ? ድመት ይሸወድበታል! አጥንቱ እንኳ እውነት መስሏት ነው እኮ የተወችው! ዝንቦቹስ? ፓንኬኩን ሳነሳ ዝንብ እንዴት እንደወረረኝ ታስታውሳለህ? ማሩ የሞተር ዘይት ነው፤ ግን ዝንብ እንኳ አታውቅም! አይ እጄ! «እጅህን ልሳመው» በለኝ።

ገራገሩ፡ ግን ጋሼ፣ ያኛው ፍሪጅ ውስጥ የገባው ፓንኬክ ላይ አንድ ዝንብ አላረፈችም።

ሊቁ፡ ፍሪጅ ውስጥ ምን ልታደርግ ትገባለች? ብርድ ነው!

ገራገሩ፡ እሱስ ልክ ነህ።

[ሊቁ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ በሩን አየ። ዛሬ ተራ ቀን አይደለም። ፎቶውን የሚያሠሩት ባለሆቴሏ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ለሆቴላቸው ቀማሽ ይፈልጋሉ፤ ምግቡ ለእንግዳ ሳይቀርብ ቀድሞ የሚቀምስ፣ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» የሚል ሰው። ትናንት በስልክ ሊቁን «አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ፤ በዚህ ዓመት ከበላኸውና ከጠጣኸው ምን ጣፈጠህ? ከመልስህ ምላስህን አውቀዋለሁ» ብለውታል። ሊቁ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ዕድሜውን በሙሉ ሳይጠየቅ ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ላይ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊጠይቀው ነው። ይህ ነገር ካመለጠው ቅስሙ እንደሚሰበር ራሱም ያውቀዋል።]

ሊቁ፡ ስማ፤ አንተን ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ። ዛሬውኑ እወስድሃለሁ። ግን መጀመሪያ እትዬ መጥተው ይሂዱ። እስከዚያ እንዳትሞት።

ገራገሩ፡ እሞክራለሁ።

ሊቁ፡ አሁን እኔ መልሴን ልለማመድ። አንተ እሳቸውን ሁን።

ገራገሩ፡ [ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፤ እግሩን አጣጥፎ ድምፁን አቀጠነ] ደህና ዋልክ ልጄ? እስቲ አንድ ብርጭቆ ሙጫ ስጠኝ።

ሊቁ፡ ቀልድ አቁም!

ገራገሩ፡ እሺ። በዚህ ዓመት ከበላኸው ምን ጣፈጠህ?

ሊቁ፡ [ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሲቀምስም ሲያስታውስም ዓይኑን ይጨፍናል፤ «ዓይን ምላስን ያሳስታል» ይላል] እትዬ፣ በመጀመሪያ ኬክዎ። ስነክሰው ዝቅ አለ፤ ስለቀው ተመልሶ ቀና አለ። ይህን የመሰለ ልስላሴ በሕይወቴ አላየሁም። ክሬሙ ደግሞ፣ እትዬ፣ ክሬሙ! አፍንጫ ይከፍታል። ቅዝቅዝ፣ ንጽት ያለ ነው። ስውጠው አሁን ከፀጉር ቤት የወጣሁ መስሎ ተሰማኝ።

ገራገሩ፡ ከፀጉር ቤት?

ሊቁ፡ አባባል ነው! ቀማሽ እንዲህ ነው የሚናገረው። ቀጥል።

ገራገሩ፡ ዶሮዋስ?

ሊቁ፡ ዶሮዋ እጅ የማትሰጥ ዶሮ ነች። ትታገላለህ፣ ትታገልሃለች። ሌላ ቦታ የምበላት ዶሮ ገና ሳልነካት ከአጥንቷ ትላቀቃለች፤ ክብር የላትም። የእርስዎ ግን ወኔ አላት። ቆዳዋ ደግሞ ጠለቅ ያለ ጣዕም፤ ምን ልበልዎት፤ አዲስ ጫማ ገዝተው ሳጥኑን ሲከፍቱ እንደሚመጣው ዓይነት ደስታ።

[ገራገሩ ጣቱን መብራቱ ላይ ቀሰረ፣ መጋረጃው ላይ ቀሰረ፣ ፍሪጁ ላይ ቀሰረ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።]

ገራገሩ፡ ጋሼ…

ሊቁ፡ «ልጄ» ነው የምትለኝ፤ እሳቸው ነህ።

ገራገሩ፡ ልጄ፣ ወተቱስ?

ሊቁ፡ ወተት ማለት ይሄ ነው! ሌላው ወተት ጠጥተኸው ይሄዳል፤ የእርስዎ ወተት አይሄድም። ከንፈር ይዞ ይቀራል። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ንግግር ላደርግ ተነስቼ አፌ እምቢ አለኝ፤ በምሳ የጠጣሁት ወተት ጣዕሙ ገና አልለቀቀኝም ነበር። እንግዳው ሁሉ እንዴት አድርጎ አጨበጨበልኝ መሰለዎት!

ገራገሩ፡ አስታውሳለሁ። ከንግግሮችህ ሁሉ ያ ነው የተወደደው። ቢራውስ?

ሊቁ፡ አረፋው! ሌሊቱን ሙሉ ሳስነጥስ ትናንሽ አረፋ በቤቱ ሲንሳፈፍ ልጆቼ እየዘለሉ ሲያፈርጡት አደሩ።

ገራገሩ፡ ጋሼ፣ ማሩን…

ሊቁ፡ ማሩን በዚያ በፓንኬኩ ላይ ከበላሁ ወዲህ ይሄ ጉልበቴ መንቋቋቱን ተወ! [ቁጭ ብድግ አለ፤ እውነትም ድምፅ የለውም] ሐኪም ያቃተውን ነው እኮ!

ገራገሩ፡ ያልወደድከው ነገር የለም?

ሊቁ፡ አንድ ብቻ። አይስክሬሙ። ድንች ድንች ይላል።

ገራገሩ፡ አዎ፤ እሱን ከተቀቀለ ድንች ነው የሠራኸው።

ሊቁ፡ የውሸቱን! እኔ የምልህ የበላሁትን ነው። ሌላው ደግሞ የእህቴ ምሳ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሚስትህ ነች። በየቀኑ ትልክልኛለች፤ አንድ ማንኪያ ቀምሼ እመልሰዋለሁ። ጣዕም የሚባል የለውም። አፍንጫ አይከፍት፣ ከንፈር አይዝ።

ገራገሩ፡ ምሳ ዕቃው እንደሞላ በተመለሰ ቁጥር ታለቅሳለች እኮ ጋሼ። «ወንድሜ የእናታችንን እጅ እንደወረስኩ ይነግረኝ ነበር፤ ምን ሆንኩበት?» ትላለች።

ሊቁ፡ [ዓይኑን ገለጠ] እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለህ? ግን ምላሴ አይዋሽም። ምን ላድርግ።

ገራገሩ፡ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የበላኸው ሁሉ ከፍሪጁ ነው አይደል? ከላይኛው መደብ?

ሊቁ፡ አንተ ራስህ አይደለህ የምታስቀምጥልኝ?

ገራገሩ፡ እኔ ነኝ። መጋረጃ ጀርባ የቀረውን። የመጀመሪያው ቀን «የትኛውን ሳህን ላምጣ?» ብዬ ስጠይቅህ ምን እንዳልከኝ…

[በሩ ተንኳኳ።]

ሊቁ፡ ዝም! መጡ! አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። ብትታመምም በዝምታ ታመም!

[ባለሆቴሏ ገቡ። ደልደል ያሉ፣ ከተናገሩት ላይ አንድ ቃል የማይቀንሱ ሴት ናቸው። በእጃቸው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል።]

ባለሆቴሏ፡ ደህና ዋላችሁ ልጆቼ? መቀመጥ አልፈልግም። መጀመሪያ ላመስግን። ሌላው ሆቴል እንግዳ ፎቶ አይቶ ያዝዝና ምግቡ ሲመጣ ጠብ ነው። የእኔ እንግዳ ግን «ፎቶው ላይ ያለው ራሱ ነው የመጣው» ይላል። እንዴት አድርገህ ነው?

ሊቁ፡ [ልቡ ቅቤ ጠጣ] ጥበብ ነው እትዬ። እውነተኛ ምግብ እንዲያ አያምርም።

[ገራገሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።]

ባለሆቴሏ፡ በል እንግዲህ ጥያቄዬን አልረሳሁም። ግን ወሬ ብቻ አይበቃኝም፤ ጧት የወጣ ኬክ ይዤልሃለሁ። መጀመሪያ ይሄን ቅመስና ፍረድ።

ሊቁ፡ [እጁን ታጠበ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረሰ። አላመጠ። ቅንድቡ ተነሳ። ተሸበሸበ። መሐረብ አውጥቶ ፊቱን አዙሮ ተፋው] እትዬ፣ ይቅርታዎን። ተታለዋል።

ባለሆቴሏ፡ ምን ሆነ?

ሊቁ፡ ይሄ ክሬም አይደለም። ይሄ እኮ ዝም ብሎ ወተትና ስኳር ነው!

ባለሆቴሏ፡ ታዲያ ክሬም ከምን ሊሠራ ኖሯል?

ሊቁ፡ ኬኩም አይረባም፤ ሲነክሱት ይሰበራል፣ ተመልሶ አይነሳም። ምግብ ሠሪዎ ጉድ ሠርቶዎታል። ያንን የቀድሞውን እጅ የት አደረሱት? [ወደ ገራገሩ] አማቼ! ከላይኛው መደብ የትናንቱን ኬክ አምጣ፤ እትዬ ራሳቸው ያመሳክሩ።

ገራገሩ፡ ጋሼ፣ ባይመጣ ይሻላል።

ሊቁ፡ አምጣ አልኩህ!

ገራገሩ፡ አንተ «አምጣ» ስትል እኮ ነው ነገር የሚበላሸው።

[ፍሪጁ አቃሰተ። ገራገሩ ሳህኑን አመጣ። ባለሆቴሏ ማንኪያውን ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ ቆሙ። አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።]

ሊቁ፡ አየህ? እንባ አውጥቶ ያስለቅሳል!

ባለሆቴሏ፡ ይሄ… ባለቤቴን ይሸታል።

ሊቁ፡ እንዴት?

ባለሆቴሏ፡ ነፍሱን ይማረውና፣ ጧት ጧት ጺሙን ተላጭቶ ሲወጣ ጉንጩ ልክ ይሄን ይሸት ነበር። አንተ ሰው፣ ይሄ የጺም መላጫ አረፋ ነው! [ኬኩን በጣታቸው ተጫኑት፤ ዝቅ አለ፤ ሲለቁት ተመልሶ ቀና አለ] ይሄ ደግሞ ስፖንጅ ነው። የበላ ሰው አለ?

[ሊቁ ኬኩን አየ። መብራቱን አየ። ገራገሩን አየ።]

ሊቁ፡ የመጀመሪያው ቀን… «የትኛውን ላምጣ?» ስትለኝ… ምን ብዬህ ነበር?

ገራገሩ፡ «ይሄም ይጠየቃል? የሚያምረውን!» አልከኝ። እኔ ሁለቱን ሳየው ምራቄን ያስዋጠኝ አንደኛው ብቻ ነው። እሱ አምሮኝ እሱን አመጣሁ። ካሜራህን አይተህ «አየህ ውሸት ሲያምር!» አልክ። ልክ ነኝ ብዬ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው አደረግሁ። ከመብራቱ ስር የወጣውን ጣል አልከኝ፤ ጣልኩት። መጋረጃ ጀርባ የቀረውን ፍሪጅ አስገባ አልከኝ፤ አስገባሁልህ። ከምትለኝ ያጎደልኩት ነገር የለም።

ሊቁ፡ እና አንተ…

ገራገሩ፡ ኬክ፣ ዶሮ፣ ወተት።

ሊቁ፡ እኔ…

ገራገሩ፡ ስፖንጅ፣ የጫማ ቀለም፣ ሙጫ። ዓሣህ ግን አልተነካም፤ ፕላስቲኩ አልነከስ ብሎህ መለስከው። «በረዶ ሠርቶበታል» አልከኝ።

[ሊቁ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ጉልበቱ አልተንቋቋም፤ ይኼኔ እሱም አበሸቀው። ሰዎች ሁሉ የሳቁበት መሰለው፣ የሰርጉ ጭብጨባ ገና አሁን ገባው፣ የእህቱ ምሳ ዕቃ ትዝ አለው። እንደ ሕፃን ማልቀስ አማረው።]

ሊቁ፡ ሰው ሊጠይቀኝ በመጣበት ቀን! በሕይወቴ አንዴ ምን ይመስልሃል ብሎ ሰው ሊጠይቀኝ ቢመጣ! እትዬ፣ ይሂዱ። የሚረባ ምላስ የለኝም።

[ባለሆቴሏ ግን አልሄዱም። መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመና ሊቁን እንደሚገዙት ዕቃ ከላይ እስከ ታች ያዩት ጀመር።]

ባለሆቴሏ፡ [ወደ ገራገሩ ዞረው] እኔ የምልህ ልጄ፤ ይሄ ሰው ከበላው ውስጥ አንዴም ቢሆን በትክክል የፈረደው አለ?

ገራገሩ፡ የለም እትዬ። ከሁሉ የሚበላው ድንቹ ነበር፤ እሱን ብቻ ጠላው። የሚስቴንም ምሳ ጠላው፤ እሷ ደግሞ የሚያውቋት ሁሉ የሚመሰክሩላት ባለሙያ ነች።

ባለሆቴሏ፡ አንዴም አልተሳካለትም?

ገራገሩ፡ አንዴም።

ባለሆቴሏ፡ እንግዲያው ከዚህ የተሻለ ከየት አገኛለሁ! እስካሁን የቀጠርኳቸው ቀማሾች አንዱን ቀን ልክ፣ አንዱን ቀን ስህተት እየሆኑ አሳበዱኝ፤ መቼ እንደማምናቸው አላውቅም። ይሄ ሰው ግን አያወላውልም። የተፋውን ለእንግዳ እናቀርባለን። የወደደውን ለአናጢ እንሰጣለን። ተነስ ልጄ፣ ተቀጥረሃል።

ሊቁ፡ [እንባውን በመሐረቡ ጠረገ፤ ኬኩን የተፋበት መሐረብ ስለነበር ክሬም ቅንድቡ ላይ ቀረ] ማለት… ይጠይቁኛል?

ባለሆቴሏ፡ በየቀኑ።

ሊቁ፡ ምን ይመስልሃል ይሉኛል?

ባለሆቴሏ፡ ምግብ ሠሪው፣ አስተናጋጁ፣ ሁሉም ይጠይቅሃል። አንተ ሳትናገር አንድ ሳህን ከኩሽና አይወጣም። ነገ ጧት ና። ዓይንህን እንደ ዛሬው ጨፍነህ።

[ባለሆቴሏ ወጡ። ሊቁ ብድግ አለ፤ ደረቱ ቀስ በቀስ ተነፋ።]

ሊቁ፡ አልነገርኩህም? ምላሴ ለጉድ ነው አላልኩህም?

ገራገሩ፡ ብለኸኛል ጋሼ። [ከመጋረጃው ጀርባ ምሳ ዕቃ ይዞ መጣ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው] እንግዲያስ የእህትህን ምሳ ቅመስላት። ምን ልበላት?

[ሊቁ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። እህቱን ስላስለቀሳት አፈረ። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ትከሻው ተሸማቀቀ፣ እንደ ምንም ዋጠው።]

ሊቁ፡ እውነቱን ልንገርህ? የሚዋጥ አይደለም።

ገራገሩ፡ [ሊያቅፈው ምንም አልቀረው] ጋሼ! ዛሬማ እህትህ ደስታዋን አትችለውም!

ሊቁ፡ ንገራት። በእኔ ስም ንገራት፤ እንዲህ የሚያስጠላ ምግብ ቀምሼ አላውቅም በላት። [ዙሪያውን ተመለከተ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ] ስማ፤ ለማወራረጃ ብዬ ነው፤ ያቺ የትናንቷ ብርጭቆ ሙጫ የት አለች?

ገራገሩ፡ ጣልኳታ!

ሊቁ፡ የት?

ገራገሩ፡ ቆሻሻ ውስጥ።

ሊቁ፡ [ማንኪያውን አስቀመጠ፤ በሐዘን አየው] ጭካኔህ! አንጀትህ እንዴት ቻለ?